ልዋጭ ለዋጮቹ ይመስገኑ

አዲስ አበባ ውስጥ «ልዋጭ! ልዋጭ አለ!» የሚለው ድምፅ በሰፈር ሲያልፍ በሮች ይከፈታሉ። ለልጁ ያጠረ ሱሪ፣ ቀለሙ የለቀቀ ጃኬት፣ ተረከዙ የተበላ ጫማ ይወጣል፤ በምትኩ ሳፋ፣ ጆግ ወይም የሻይ ብርጭቆ ይገባል።

እኔ ከሁሉ በፊት የማደንቀው የለዋጩን ዓይን ነው። ሸሚዙን ዘርግቶ ኮሌታውንና ብብቱን ያያል፤ ዚፑን ከፍቶ ይዘጋል፤ ሶሉን አጥፎ ይፈትሻል። ቀጥሎ ክርክሩ ይመጣል።

«እማማ፣ በዚህ ብቻ ሳፋው አይወጣም፤ አንድ ሹራብ ይጨምሩ።»

«ሁለት ብርጭቆ ካልመረቅክልኝማ ሱሪዬን መልስ፣ ልጄ!»

ሁለቱም ያገኙ መስሏቸው ሲለያዩ ደስ ይላል። በእጇ ብር የሌላት እናትም ለቤቷ ዕቃ ትገዛለች፤ ገንዘቧ ሳጥን ውስጥ የተኛው ልብስ ነው።

የመርካቶው ምናለሽ ተራ ባለሙያዎች ያረጀውን ብረትና ቆርቆሮ መልሰው ሥራ ላይ እንደሚያውሉት ሁሉ፣ ለዋጩም ለልብሱ ሁለተኛ ዕድሜ ይሰጠዋል። ታጥቦ፣ ተጠግኖ ገበያ ሲወጣ አዲስ መግዛት ያልቻለው የቀን ሠራተኛ ይለብሰዋል። ለዋጩ ባይኖር ያ ጃኬት ወይ ብል ይበላዋል፣ ወይ ቆሻሻ ገንዳ ይገባል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሸክሙን ተሸክሞ፣ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ እየወጣና እየወረደ ነው። ስለዚህ ስንከራከረው በአክብሮት ይሁን፤ እሱ የከተማዋ ባለውለታ ነው።