የሁለተኛው ፓይተን መሻርና የተሻረበት መንገድ

«ካረጁ አይበጁ» የሚለው ምሳሌ ለሰው ሲነገር ጭካኔ ያለበት ይመስላል፤ ለመሣሪያ ሲነገር ግን ብዙ ሰው ሳይመረምር ይቀበለዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት መሣሪያ ግን ገና በጉልበቱ ሳለ፣ ወዳጆቹም በዝተው ሳሉ፣ በገዛ ሠሪዎቹ ፈቃድ የተሻረ ነው። ይኸውም ፓይተን የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ሁለተኛ እትም ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ፓይተንን የሆላንዱ ተወላጅ ጊዶ ቫን ሮሱም በ1989 በአምስተርዳም ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ አቀረበው። ኦፕን ሶርስ ከሚባሉት ሥራዎች ወገን ስለ ሆነ፣ ማንም ሰው ምንጩን ያለ ዋጋ ወስዶ ሊያነበው፣ ሊለውጠውና ሊያከፋፍለው ይችላል። ሁለተኛው እትም በ2000፣ ሦስተኛው ደግሞ በ2008 መጨረሻ ወጣ። ሦስተኛው ከቀደመው ጋር እንዳይስማማ ታውቆ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ለሁለተኛው የተጻፈ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ሳይታረም አይሠራበትም። የሁለተኛው የመጨረሻ ቅርንጫፍ 2.7 በ2010 ከወጣ በኋላ ዕድሜው በ2015 እንዲያበቃ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተጠቃሚው ከቦታው አልተነሣምና በ2014 ቀነ ገደቡ ወደ 2020 ተገፋ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ድጋፉ ተቋረጠ፤ የመጨረሻው እትም 2.7.18ም በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ወጣ።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ፣ ለመሻሩ በቂ ምክንያት ነበረን? የሚል ነው። ነበረ እላለሁ፤ ለዚህም ከራሳችን ፊደል የተሻለ ምስክር አያስፈልግም። በሁለተኛው ፓይተን ተራው የጽሑፍ ዓይነት የባይት ሰልፍ እንጂ የፊደል ሰልፍ አልነበረም። ፊደላችን በ1999 በወጣው በሦስተኛው ዩኒኮድ ቦታ አግኝቷል፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍም እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «ሰላም» የሚለውን ቃል በተራው መንገድ ጽፎ ርዝመቱን ለጠየቀ ሰው አሮጌው ፓይተን 9 ሲል ይመልስለታል፤ ዐዲሱ ግን 3 ይላል። ለዩኒኮድ የሚሆን ሌላ ዓይነት በአሮጌው ውስጥ አልነበረም አይባልም፤ ነበረ። ነገር ግን ሁለቱ ሲቀላቀሉ ቋንቋው 128 ምልክቶች ብቻ ባሉት በአስኪ ሊተረጉማቸው ይሞክር ነበር። በዚህ የተነሣ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ስሞች ሲፈተን በደኅና ይሠራና፣ «ዓለሙ» የሚል ስም በገባበት ዕለት ይወድቅ ነበር። ስሕተቱ ከፈታኙ ተሰውሮ ለባለስሙ የሚገለጥ ነበርና፣ እንዲህ ያለውን መሠረት በጥገና ብቻ ማቃናት አይቻልም።

ምክንያቱ በቂ ነበር ማለት ግን መንገዱ መልካም ነበር ማለት አይደለም። ሁለት ጕድለቶች ይታዩኛል። አንደኛው፣ ሠሪዎቹ ሽግግሩን የአንድ ቀን ጉዞ አድርገው መገመታቸው ነው። አሮጌውን ጽሑፍ ወደ ዐዲሱ የሚለውጥ መሣሪያ አዘጋጅተው ነበር፤ ነገር ግን ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉባቸውን ቤተ መጻሕፍት የሚጽፉ ሰዎች ያስፈለጋቸው በሁለቱም እትሞች የሚሠራ አንድ ጽሑፍ ነበር። የዩኒኮድ ጽሑፍ ምልክት የነበረችው ቅድመ ፊደል በ3.0 ተከልክላ የተመለሰችው በ2012 በ3.3 ነው፤ ባይቶችን በቀድሞው ሥርዐት የማቀናበሩም መንገድ የተመለሰው በ2015 በ3.5 ነው። መመለሳቸው መልካም ሲሆን፣ ድልድዩ የተሠራው ሕዝቡ ወንዙ ዳር ብዙ ዘመን ከቆመ በኋላ መሆኑን ያስረዳል።

ሁለተኛው ጕድለት፣ የግድ አስፈላጊ የሆነው ለውጥ ሊቆይ ከሚችለው ጋር መደባለቁ ነው። የማተሚያው ትእዛዝ በቅንፍ እንዲጻፍ መደረጉ ለቋንቋው ሥርዐት ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን የጀማሪውን የመጀመሪያ መሥመር ሳይቀር ሰበረ። ጠበቆቹ «ከተሰበረ አይቀር ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰበር» ይላሉ። ይህ ለሠሪው ድካም ይቀንሳል፤ ለተጠቃሚው ግን ከባድ ሸክም ላይ ቀላሉን መደረብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊቀርብብኝ ይችላል፤ «ያለ ዋጋ የሚደክም ሰው እስከ መቼ የሁለት ቤት አገልጋይ ይሁን? ምንጩ ክፍት ነውና የወደደ ይቀጥለው» የሚል። እውነት ነው፤ ማንም አልተዘረፈም። ሬድ ሃት ለደንበኞቹ 2.7ን እስከ 2024 ደግፏል፤ ፓይፓይ የተባለውም ሥራ የሁለተኛውን ሥርዐት መደገፉን አላቋረጠም። ነገር ግን የመቀጠል መብት ለሁሉ ተሰጥቶ ሳለ፣ የመቀጠል ዐቅም ያለው ባለሙያና ገንዘብ ያለው ነው። ፕሮግራሙን የጻፈለት ሰው የሄደበት ትንሽ መሥሪያ ቤት መብቱን ይዞ፣ የማይጠገን ቀዳዳም ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለዘላለም ጠግኑ ባይባሉም፣ መውጫውን ቀድሞ የማዘጋጀት ዕዳ አለባቸው እላለሁ።

ግዕዝ ከዕለት ንግግር ቢወጣም ከመጽሐፍና ከቅዳሴ አልወጣም፤ አሮጌው ፓይተንም ተሻረ እንጂ አልተቀበረም፤ ምንጩ ዛሬም ይነበባል። ፍርዴም ይህ ነው፤ መሻሩ ተገቢ ነበር፣ የተሻረበት መንገድ ግን ተጠቃሚውን ከሚገባው በላይ አድክሟል። ከእኛ መካከል ነገ ሌሎች የሚደገፉበትን ሥራ የሚጀምር ሁሉ፣ አሮጌውን ከማፍረሱ በፊት ሰዎች በሁለቱ ቤት መካከል የሚመላለሱበትን በር አስቀድሞ ይክፈት።