የኮሶ ሻጯ ልጅና የሀብት ጥያቄ

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተጻፉት ልብ ወለዶችና ተውኔቶች አንዱንም ያላነበበ ሰው እንኳ አንድ ነገር ያውቃል፤ እናታቸው ኮሶ ሻጭ ነበሩ ይላል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ» እኚህን ሰው እየደጋገሙ አንሥተዋቸዋል። አንባቢው ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ጨምቆ ለልጁ የሚነግረው ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ሆናለች፤ «የኮሶ ሻጭ ልጅ ንጉሥ ሆነ፤ አንተን ምን ያቅትሃል?» ሂሴን የምሰነዝረው በደራስያኑ ብዕር ላይ አይደለም፤ በዚህች ዐረፍተ ነገር ላይ ነው።

ልብ እንበል። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» መጀመሪያ ስድብ ነበር፤ የእቴጌ መነን መኳንንት ካሳን ለማዋረድ የወረወሩት ቃል ነው። ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ስድብ ይዞ ዘምቶ፣ ተማርኮ ኮሶ እንደ ተጋተ ይተረካል። የኋለኛው ዘመን ስድቡን ገልብጦ ሜዳልያ አደረገው። ደግ አደረገ። ሆኖም ስድብ ስለ ተገለበጠ ብቻ እውነት አይሆንም።

ካሳ ባዶ እጁን አልተነሣም። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ ባላባት ዘር ነበር። ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ደምቢያንና ቋራን ይገዛ ነበር። አብዛኛው የገበሬ ልጅ ፊደል በማያይበት ዘመን ካሳ በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ተምሯል፤ ጦርነትንም በክንፉ ቤት አጥንቷል። ቋራ ሲሸፍት እንኳ የሸፈተው የአባቱን ስም በሚያውቅ አገር ነው።

ከሌላው ጫፍ ሆነው «ሁሉም ዘር ነው» የሚሉ አሉ። እነሱም አልረቱኝም። የክንፉ ልጆች ከካሳ ይልቅ የቀረቡ ወራሾች ነበሩ፤ ክንፉ በ1839 እ.ኤ.አ. ሲሞት ግን ደምቢያ በእቴጌ መነን እጅ ገባች። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤም ግዛት ከአባታቸው ወርሰው ደረስጌ ማርያምን አሠሩ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በዚያ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫነው ካሳ ሆነ። ውርስ በር ይከፍታል፤ ገብቶ መቀመጡ ግን ሌላ ጉልበት ይጠይቃል።

ይሁንና ስለ መኳንንት ብቻ ብናወራ የተራው ሰው ሀብት ከየት እንደሚመጣ አይገባንም። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። «ሀብት» በግዕዝ ስጦታ ነው፤ «ወሀበ»፣ ሰጠ፣ ከሚለው ይወጣል። «ርስት» የ«ወረሰ» ዘር ነው። ሰው በራሱ ጥረት ያፈራውን የሚያመለክተው ሦስተኛው ቃል፣ «ጥሪት» ብቻ ነው፤ «አጥረየ»፣ ገንዘቡ አደረገ፣ ከሚለው ይመዘዛል።

በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገበሬው ርስቱን ይጠይቅ የነበረው በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ አቅኚው አያት ድረስ ዘር ቆጥሮ ነው። ያ ገበሬ ሰነፍ አልነበረም፤ ነገር ግን ላቡ የሚያርፍበት መሬት ነበረው። በአንጻሩ ቤተ እስራኤሎች ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ በግንበኝነትና በአናጢነት የጎንደርን ነገሥታት እያገለገሉ ርስት ተነፍገው ኖሩ። የሠሩት ማረሻ የሌላውን ርስት ያርሳል፤ ለሙያቸው የተመለሰላቸው «ቡዳ» የሚል ስም ነበር።

የጎንደር ሙስሊሞች ደግሞ በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ወሰነባቸው፤ ሰፈራቸውም አዲስ ዓለም ሆነ። ርስት ስላልነበራቸው ወደ ሽመናና ወደ ሲራራ ንግድ ዞሩ፤ ከመተማ እስከ ምጽዋ እየተመላለሱ የከበሩ ከመካከላቸው ወጡ። «እነሆ የላብ ሀብት!» ብዬ ልደመድም ስል ግን የነጋዴው ልጅ ከአባቱ የተቀበለው ይታየኛል፤ መንገዱን ማወቅ፣ በየገበያው ያለ ደንበኛ፣ ያለ ዋስ ዕቃ የሚያስወስድ ስም። ይህም ርስት ነው፤ ወሰኑ በድንጋይ ስላልተከለለ ብቻ ዐይን አይገባም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ አድርጎ የጥንቱን ርስት ሻረ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲሸነሸን «ቢሮክራት» እና «ፊውዳል» ለተባሉት ከሌላው ያነሰ ድርሻ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰ የገበሬ ልጅ መሬት የሚያገኘው በአመዛኙ ወላጁ ሲያካፍለው ወይም ሲያወርሰው ነው። ያልደረሰው ወደ መተማ ቆላ እየወረደ በሐሩር የሰው ሰሊጥ ሲያርምና ሲያጭድ ኖሯል። ይህን ወጣት «ሥራ ብትወድ ታልፍልህ ነበር» የሚለው ማን ነው?

የካሳ ታሪክ ይጣል አልልም። ጀግንነቱም ጥረቱም እውነት ነው። የምለው ሙሉው ይነገር ነው። ላብ የሌለው ውርስ ከእጅ እንደሚወጣ የመኳንንቱ ልጆች አሳይተዋል፤ ማረፊያ ያጣ ላብ ደግሞ የሌላውን ጎተራ እንደሚሞላ አንጥረኛው ይመሰክራል። ስለ ንጉሡ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ማረሻ ሠሪው የሚጽፍልን ደራሲ ግን ገና እንጠብቃለን። እስከዚያው ልጁን «ምን ያቅትሃል?» ከማለታችን በፊት «ምን አወረስንህ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።