ጠጠሩ ከወጣ በኋላ

የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ከወራት በኋላ «ዶክተር፣ ሆዴ አሁንም አልተወኝም» እያለ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ «ቀዶው ጥሩ ነበር፣ ምንም የለብዎትም» ይባላል፤ አለዚያም ሌላ አልትራሳውንድ ይታዘዝለታል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ያመንኩት ግን፣ ይህ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በቅደም ተከተል የሚጠይቀው ሐኪም እንደሆነ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ትናንት ነው፦ «ከቀዶው በፊት የነበረው ሕመም ምን ዓይነት ነበር?» የሐሞት ጠጠር ሕመም የራሱ መልክ አለው። ከበላን በኋላ ወይም ሌሊት በድንገት ይነሣል፤ ከቀኝ ጎድን በታች ወይም ከእምብርት በላይ ጠፍንጎ ይይዛል፤ አንዳንዴ ወደ ትከሻና ወደ ጀርባ ይወጣል፤ ግማሽ ሰዓትም ሆነ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ይለቃል። ቃር፣ ግሳትና የሆድ መነፋት ግን በራሳቸው የጠጠር ምልክት አይደሉም። ጠጠር እያለባቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ምንም የማይሰማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጨጓራው የሚያቃጥለው ሰው አልትራሳውንድ ተነሥቶ ጠጠር ሲታይበት፣ ጥፋቱ ሁሉ በጠጠሩ ላይ ይወድቃል። ከረጢቱ ይወጣል፤ ማቃጠሉ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ወደ ጨጓራው እመልሰዋለሁ፦ በአገራችን በብዛት የሚገኘውን ኤች ፓይሎሪን፣ ወደ ላይ የሚመለሰውን አሲድ፣ ጃርዲያንም አስመረምራለሁ።

ያው የድሮው ሕመም በመልኩ ከተመለሰ ነገሩ ሌላ ነው። ከረጢቱ ቢወጣም በሐሞት ቧንቧ ውስጥ ጠጠር ሊቀር ይችላልና የጉበት የደም ምርመራና የቧንቧው ምስል ያስፈልጋል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ሰገራ ከነጣ፣ ወይም ብርድ ብርድ እያለ ትኩሳት ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ከቀዶው በፊት ያልነበረ አዲስ ነገር ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚደበቀውም እሱ ነው። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመነጫል። ከረጢቱ የሚይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሆንም፣ ሐሞቱን አጥልሎ ያወፍረዋል፤ ቅባት ያለው ምግብ ትንሹ አንጀት ሲደርስም ጨምቆ ይለቀዋል። ከረጢቱ ሲወጣ፣ ሮቶ እንደሌለው ቤት፣ ፈሳሹ ሳይጠራቀም ቀን ከሌት ይንጠባጠባል። በተለመደው ሥርዓት ከሐሞት አሲዱ 95 በመቶ ያህሉ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ተመጥጦ ወደ ጉበት ይመለሳል። ሳይመጠጥ የሚያልፈው ሲበዛ ትልቁ አንጀት ውሃ ያፈስሳል፤ ሰውየውንም ቢጫ፣ ቀጭንና አጣዳፊ ተቅማጥ ይይዘዋል።

ይህን በቀላሉ የሚናገር ሰው የለም። አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው መጥተው «ሆዴን ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር። ልጅቷን ውጭ ቆይ ብያት፣ «እናቴ፣ ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ይሄዳሉ?» አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ቆዩና «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ለቅሶ መድረስ ትቻለሁ» አሉኝ። መንገድ ላይ እንዳያስቀምጣቸው ፈርተው፣ ሲወጡ ቁርስ አይቀምሱም፤ ታክሲም አይሳፈሩም። በእኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ከሰው ተቆርጧል፤ ስለዚህ ይህ ተቅማጥ ቀላል ጣጣ ነው ብዬ አላልፈውም። መድኃኒትም አለው። ኮሌስታራሚን የሚባለው ዱቄት በውሃ ወይም በጭማቂ ተበጥብጦ ሲጠጣ የሐሞት አሲዱን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ለውጡ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይታያል። ሌሎች መድኃኒቶችንም አብሮ ስለሚይዝ፣ እነሱ ከአንድ ሰዓት በፊት ወይም ቢያንስ ከአራት ሰዓት በኋላ መወሰድ አለባቸው። ይህን ሳያስረዱ ማዘዝ የደም ግፊት መድኃኒቱን እንደ መከልከል ሊሆን ይችላል።

በምግብ በኩል በጣም የሚጠቅመኝ ጥያቄ «በጾም ይሻልዎታል ወይስ በፍስክ?» የሚለው ነው። በፋሲካ ማግስት የሚብሰው ሰው ቅቤውን ይጠረጥራል፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከቅቤው ጋር ወተቱም አብሮ ተመልሷል፤ ወተት የማይስማማው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ለሳምንት ወተቱን ብቻ፣ ቀጥሎ ቅቤውን ብቻ እንዲተው እመክራለሁ። በጾም የሚነፋው ከሆነ ሽሮውንና ባቄላውን እንጂ ሐሞቱን አልከስስም። ረመዳን የሚጾም ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ላይ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ሲበዛበት እንዴት እንደሚሆን እጠይቀዋለሁ። ቅባቱን ፈጽሞ ከመከልከል ጥቂት ጥቂት አድርጎ መብላት ይሻላል።

ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ሲቀጥል «ሌላ ነገር እንሥራ» የሚለው ፈተና ይመጣል። የጣሊያኑ ሩጄሮ ኦዲ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1887 ስለ ገለጸው የሐሞት ቧንቧ በር ብዙ ተብሏል፤ ከቀዶ በኋላ ለሚቀር ሕመምም በሩን መቅደድ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን ምስላቸውም የደም ምርመራቸውም ደህና በሆነ ሕመምተኞች ላይ ይህ ቅድ ከማስመሰያ ሕክምና እንደማይበልጥ አሳየ። ካርል ላንገንቡክ እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን ላይ የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት ካወጣ ወዲህ እጃችን እጅግ ሠልጥኗል፤ ጆሯችንም አብሮት መሠልጠን አለበት።

ከቀዶው በኋላ አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ተቅማጡም ብዙዎች ላይ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል። ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሕመምተኛውን ወደ ቀዶ ሐኪም ከመላካችሁ በፊት ሕመሙን በራሱ ቃል ካርዱ ላይ ጻፉ፤ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ሲበላ። «የሐሞት ጠጠር» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሕመምተኛውም ይህንኑ ቤቱ ይጻፍ። ከቀዶው በኋላ ለሚመጣው ቅሬታ ከዚያ ጽሑፍ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላገኘሁም።