የዝግ በር ናፍቆትና ኪነ ጥበባችን

የአንድ ሕዝብ ባሕርይ እንደ ልቡ በሚወጣበትና በሚገባበት ወራት ከሚያደርገው ይልቅ፣ በሩ ሲዘጋበት ሊያደርግ በሚመኘው ነገር ጎልቶ ይታያል፡፡ በደኅናው ቀን ሰው ከሚያከናውነው ብዙው በልማድ የሚፈጸም ነው፤ ሲከለከል ግን ልማዱ ይበጠርና ፍሬው ይቀራል፡፡ ስለዚህ «ይህ ክፉ ቀን ሲያልፍ ምን አደርጋለሁ?» የሚለው ጥያቄ ለደራሲውና ለተዋናዩ ከፍ ያለ ግምት ሊሰጠው የሚገባ ጉዳይ ነው፡፡ ጥያቄው ባለፉት ዓመታት በሰፊው ሕዝብ አንደበት ሲመላለስ ኪነ ጥበባችን ምን መልስ ሰጠ? የዚህ ሐተታ ዓላማ ይህን በአንድ አካባቢ፣ ማለትም በምዕራብ ጎጃም ምሳሌነት መመርመር ነው፡፡

እንደሚታወቀው የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፡፡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፡፡ በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ ባሕር ዳር፣ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራና ቲሊሊ ለ14 ቀናት እንዲዘጉ ተወሰነ፡፡ የመጨረሻዎቹ ሦስት ከተሞች ከባሕር ዳር ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተሰለፉ በመሆናቸው፣ የነዚህ የሁለቱ ከተሞች ነዋሪ የሰሜኑ መንገድ ተቆረጠበት፡፡ መጋቢት 30 ቀን የታወጀውን የ5 ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ ደግሞ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብንና ተጨባብጦ ሰላምታ መለዋወጥን ከለከለ፡፡ የሚያዝያ 11 ቀን ትንሣኤ ዘመድ ከዘመድ ሳይጠያየቅ አለፈ፡፡

በዚያ ወቅት ለሕዝብ የቀረቡት ዘፈኖች፣ ግጥሞችና አጫጭር ድራማዎች ቁጥራቸው ቀላል አልነበረም፡፡ የብዙዎቹ ሰዋስው ግን አንድ ነበር፤ ትእዛዝ አንቀጽ፡፡ ታጠብ፣ ራቅ፣ ተሸፈን፣ ቤትህ ተቀመጥ የሚሉ ግሦች ከስንኝ ወደ ስንኝ ተሸጋገሩ፡፡ ሥራዎቹ ሕይወት ለማዳን የታለሙ ስለ ነበሩ ቅን ዓላማቸው ሊነቀፍ አይገባም፡፡ ጉድለታቸው ሰውየውን ታዛዥ አድርገው እንጂ ናፋቂ አድርገው አለማየታቸው ነው፡፡ በቡሬ ዙሪያ ያለ ገበሬ ሚያዝያና ግንቦት ማሳውን የሚያለሰልስበት፣ በቆሎውን የሚዘራበት ወር ነው፡፡ ከበሬዎቹ ጋር ሜዳ ላይ ለሚውል ሰው «ቤትህ ተቀመጥ» የሚለው ዜማ ለሌላ ሰው የተዘፈነ ያህል ነበር፡፡ ለእርሱ የተዘጋው ሥራው ሳይሆን በሥራው ዙሪያ ያለው ሰው ነው፡፡ ይህን ልዩነት ያልተረዳ ድርሰት፣ ቃሉ የቱንም ያህል የተዋበ ቢሆን፣ ገጠሩን ሊነካ አይችልም፡፡

ለመሆኑ ሕዝቡ ምን ናፈቀ? ከተሜው ስለ ጉዞና ስለ መዝናኛ ያልም ይሆናል፡፡ በዚህ አካባቢ የናፍቆቱ ዝርዝር ሲታይ ግን ከደስታው ይልቅ ዕዳው ይበልጣል፡፡ ያልተደረሰ ለቅሶ መድረስ፣ በጥቂት ሰው የተቀበረን ዘመድ በወጉ ማልቀስ፣ ከትንሣኤ በኋላ ሊደገስ ታስቦ የቀረውን ሰርግ መደገስ፣ ተራው የደረሰውን የጽዋ ማኅበር ማውጣት፣ የሽማግሌ ጉልበት መሳም፣ ገበያ ወጥቶ በርበሬና እህል ከመሸጥ ሌላ የሩቁን ሰው ደኅንነት ጠይቆ መመለስ፡፡ እነዚህ ሁሉ ለራስ የሚደረጉ አይደሉም፤ ለሌላው የሚከፈሉ ናቸው፡፡ «ሲከፈት እሄዳለሁ» የሚለው ምኞት ውስጡ ሲታይ «እስኪከፈት ድረስ የሰው ዕዳ አለብኝ» ማለት ነው፡፡ የአካባቢው ሰው ተስፋ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው፡፡

የቃል ሥነ ጽሑፋችንም ይህንኑ ይመሰክራል፡፡ እረኛው ዋሽንቱን ለብቻው ሊነፋ ይችላል፤ እናት በወፍጮዋ ላይ ለብቻዋ ልታንጎራጉር ትችላለች፡፡ እነዚህን የብቸኝነት ኪነቶች ምንም ደንብ አይከለክላቸውም፡፡ የአረም ደቦ ዘፈን፣ ሙሾ፣ የቡሄ ሆያ ሆዬ፣ የሰርግ ዘፈን ግን ያለ ተቀባይ አይቆሙም፡፡ አውጪው ግማሹን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ቀሪው ግማሽ በተቀባዩ አፍ ውስጥ ነው፡፡ ሙሾ አውራጇ ቃሉን ስታወርድ ደረት የሚመታ፣ ተቀብሎ የሚያለቅስ ከሌለ ግጥሙ እንኳ ቤት አይመታላትም፡፡ በ2012 ዓ.ም. የጠፋው ተቀባዩ ነበር፡፡ የወረርሽኙ ዘመን ድርሰት ሊያነሣው ይገባ የነበረው ታላቅ ጭብጥም ይኸው የአውጪና የተቀባይ መለያየት ነው፡፡

አብነት ለሚሻ ደራሲ አብነቱ ሩቅ አይደለም፡፡ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ማንኩሳ ትገኛለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህች አገር ነው፡፡ መጽሐፉ ስለ ወረርሽኝ አይናገርም፡፡ ነገር ግን ስለ ተዘጋ ቤት ከርሱ የበለጠ የተናገረ የአማርኛ ልብ ወለድ ማግኘት ያስቸግራል፡፡ ሰብለ ወንጌልን የዘጋባት የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው፤ በዛብህን የዘጋበት ወላጆቹ የተሳሉት ብጽዓት ነው፡፡ ደራሲው ሁለቱን «ታገሡ» ብለው አይመክሯቸውም፤ ናፍቆታቸውን ቀን በቀን ይከተሉታል እንጂ፡፡ ሰብለ ከዚያ ቤት ወጥታ በደረሰች ጊዜ በዛብህ ለሞት ተቃርቦ ነበር፡፡ በሩ መከፈቱ ብቻውን መዳን እንዳልሆነ፣ የዘገየ መከፈት የራሱ ሐዘን እንዳለው ያስተማረን ይህ ሥራ ነው፡፡

ከውጭው ዓለምም የሚቀራረብ ምስክር አለ፡፡ ፈረንሳዊው ደራሲ አልበር ካሙ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ በወረርሽኝ የተዘጋችው የአልጄሪያ ከተማ ኦራን በሮቿ ሲከፈቱ ሕዝቡ በአደባባይ ይጨፍራል፤ በባቡር ጣቢያም የተለያዩ ይገናኛሉ፡፡ ካሙ ግን በዚሁ አያበቃም፡፡ የሚጠብቁት ሰው የሌላቸውን፣ ባቡሩ ማንንም ያላመጣላቸውን በዚያው ገጽ ያቆማቸዋል፡፡ ሕሙማንን ሲያክም የከረመው ሐኪም እንኳ ሚስቱን ዳግመኛ አያያትም፡፡ የደስታው እውነተኛነት የሚለካው ሐዘንተኛውን ከዳር ባለመተዉ ነው፡፡ በእኛ የወቅቱ ሥራዎች መጨረሻ ላይ የሚሰማው «ሁሉም ያልፋል» የሚል እልልታ ከዚህ ሚዛን ላይ ቀሎ ይገኛል፡፡ ሁሉም ያልፋል፤ ያለፈውን ሰው ግን ማን ያለቅስለታል?

ጉዳዩ በወረርሽኙ የሚያበቃ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም፡፡ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ በአማራ ክልል በግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ «መንገድ ተዘጋ» የሚለው ቃል ሌላ፣ ይበልጥ የከበደ ትርጉም ይዞ ወደ ምዕራብ ጎጃም ተመለሰ፡፡ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ቢያበቃም ናፍቆቱ ግን አላበቃም፡፡ ሕፃኑ ትምህርት ቤቱን፣ ነጋዴው ጎዳናውን፣ እናት ሩቅ ያለ ልጇን እንደ ናፈቁ የቆዩበት ዘመን ነው፡፡ ስሟ የሰላም መንገድ ማለት በሆነው በፍኖተ ሰላም ይህ ናፍቆት ሲነገር የከተማይቱ ስም ራሱ የሕዝቡ ምኞት ሆኖ ይሰማል፡፡

ከዚህ አኳያ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ስለ ዝግ ዘመን ሲያጽፉ «ምን ተከለከልክ?» ከማለት ይልቅ «ማንን ልትጠይቅ አሰብህ?» ብለው ቢጀምሩ የሚሰበሰበው ጽሑፍ ነገ ለተመራማሪው የከበረ መዝገብ ይሆናል፡፡ የባህል ሠራተኞችም በየቀበሌው ዘግይተው የተለቀሱ ለቅሶዎችን ሙሾ፣ አውጪውንና ተቀባዩን ሳይለዩ፣ አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ ሊቀርጹት ይገባል፡፡ ተውኔት ጸሐፊውም የመከፈቱን ቀን ወደ መድረክ ሲያወጣ ከበሮውን አያስቀድም፡፡ መጋረጃው ሲገለጥ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በቅርጫት እንጀራ ይዛ፣ ገበያውን በስተቀኝ ትታ ወደ ሐዘንተኛ ቤት ስታቀና ትታይ፡፡ ሰርጉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፡፡