የሦስት ሰዎች እንቅልፍ

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል። የእናንተ ዘመን ሰው ግን ሕልምን መፍራቱን ትቶ ሕልሙ ውስጥ የሚቆይበትን ዘዴ መፈለግ ጀምሯል። ዘንድሮ በወጣቶች ኅብረት መካከል፣ በተለይ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ «እያለምሁ ሳለ ይህ እኮ ሕልም ነው ብዬ አውቃለሁ። ባወቅሁ ቅጽበት ግን እነቃለሁ። ሳልነቃ እንዴት ልቆይ?» ጥያቄው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ መነሣቱ አይደንቅም። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ከብርድ ልብሱ ላለመውጣት ምክንያት አያጣም።

ይህ የመጻሕፍት ዐምድ ነውና ጥያቄውን ይዤ ወደ መጻሕፍት ሄድሁ። ሦስት የተኙ ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ሐኪም ነው፤ አንዱ ወኅኒ ቤት የገባ ሰባኪ፤ ሦስተኛው የእኛው ሰው፣ ኢትዮጵያዊ። ከእነርሱ በፊት ግን ስለ ጉዳዩ ራሱ ጥቂት ልበል፤ ተረት የሚመስለው ሰው አይጠፋምና።

ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1913 ፍሬደሪክ ቫን ኤደን የተባለ የሆላንድ ሐኪምና ደራሲ እንዲህ ላለው ሕልም ስም አወጣለት፤ እኛ «ንቁ ሕልም» ብንለው ያስኬደናል። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርሲቲ ኪት ሄርን የተባለ ተመራማሪ፣ ተኝቶ የሚያልም ሰው አስቀድመው በተስማሙበት መንገድ ዓይኖቹን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ ምልክት ሲሰጥ በመሣሪያ መዘገበ። አብዛኛው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነታችን ይዝላል፤ ዓይኖች ግን ከቆባቸው ሥር ይንቀሳቀሳሉ። ያ ሰው ከእንቅልፉ ውስጥ ሆኖ «እዚህ ነኝ» ያለው በዚያች በቀረችው በር ነው። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ላበርጅ ይህንኑ ሥራ ገፋበት። ሕልሙ መደብዘዝ ሲጀምር ሰው እንዲቆይበት ከመከሩት ምክሮች አንዱ ቀላል ነው፦ በደስታ አትጩህ፤ በሕልምህ ውስጥ ሁለት እጆችህን አፋትግ፤ ሙቀታቸውን አስተውል።

ጥንቃቄም አለው። ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ወደ ንጋት ስለሚረዝም፣ ሌሊት ደወል እየሞሉ ተነሥተው ተመልሰው የሚተኙ አሉ። በየሌሊቱ እንቅልፉን የሚቆራርጥ ሰው ቀኑን ይከፍላል። አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ሳይነቃ የሚቀርበትን፣ በአገራችን ዱካክ የምንለውን ድንጋጤም የሚያገኙት አይጠፉም። ኃጢአት ነው ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ ሕልምን ሕልም መሆኑን ማወቅ በራሱ ኃጢአት የሚሆንበት ቃል አላገኘሁም። ከዚህ አልፌ አልሄድም፤ እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው።

ሐኪሙ ጌናዲዮስ ይባላል። ታሪኩን ያቆየልን አውግስጢኖስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ415 ገደማ ለወዳጁ ለኤጲስ ቆጶስ ኤቮዲዮስ በጻፈው ደብዳቤ። ጌናዲዮስ በሰሜን አፍሪካ በካርቴጅ ይኖር የነበረ፣ ለድሆች የሚራራ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ግን ከሞት በኋላ ሕይወት መኖሩን ይጠራጠር ነበር። አንድ ሌሊት በሕልሙ አንድ መልከ መልካም ወጣት ተከተለኝ አለውና ወደ አንድ ከተማ ወሰደው። በስተቀኝ እጅግ የሚጥም ዝማሬ ሰማ። ነቃ፤ ሕልም ነው ብሎ ተወው። በሌላ ሌሊት ያው ወጣት ተመልሶ መጣና ታውቀኛለህን ሲል ጠየቀው። አዎን። የት አየኸኝ? ጌናዲዮስ ሁሉንም ተረከለት። ያን ያየኸው ተኝተህ ነው ወይስ ነቅተህ? ተኝቼ። አሁንስ? አሁንም ተኝቼ። ሰውነትህ የት ነው? አልጋዬ ላይ። ዓይኖችህ ተከድነው ሥራ ፈትተዋል፤ ታዲያ በየትኞቹ ዓይኖች ነው የምታየኝ? እዚህ ላይ ሐኪሙ መልስ አጣ። ወጣቱም የሥጋ ዓይኖችህ ሳይሠሩ እንደምታይ ሁሉ፣ ሥጋህ ካረፈ በኋላም ትኖራለህ ብሎ አስተማረው።

እንደ ሥነ ጽሑፍ ካየነው ትረካው ደረቅ ነው። ወጣቱ የቃል ፈተና የሚሰጥ መምህር ይመስላል፤ ከተማዋ ቀለም የላትም፤ ዝማሬው ሲያልፍ ተነገረ እንጂ አልተሰማንም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጌናዲዮስ ሕልም ውስጥ መሆኑን ዐወቀ፤ አልነቃም። እናንተ የምትነቁበት ቦታ ላይ እርሱ ቆየ። በእኔ ንባብ ያቆየው ብርታቱ አይደለም። ጥያቄው ነው። አንዱን ሳይመልስ ሌላው ይመጣበታል፤ ስለ ራሱ ሁኔታ ለመደነቅ ጊዜ አላገኘም።

ሁለተኛው ጆን ቡንያን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1678 የታተመውን የመንገደኛውን የክርስቲያንን ታሪክ ከመካከላችሁ ያላነበበው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሸክሙን፣ ረግረጉን፣ ጠባቧን በር እናስታውሳለን። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ሕልም መሆኑን ግን እንረሳለን። ተራኪው አንድ ዋሻ አግኝቶ ይተኛል (ቡንያን ራሱ በኅዳጉ ዋሻው እስር ቤት ነው ይለናል)፤ ከዚያ በኋላ የምናነበው ሁሉ የእንቅልፉ ነው። ታዲያ በዚህ በእንቅልፍ በታየ መጽሐፍ ውስጥ እንቅልፍ እንደ ጠላት መቆጠሩን አስተውላችኋል? ክርስቲያን በዳገቱ ዳስ ውስጥ ቢያሸልብ ጥቅልሉ ከእጁ ወድቆ ቀረ። ከደስታ ተራሮች ሲወርዱ ከእረኞቹ አንዱ በአስማት በደነዘዘችው ምድር ላይ እንዳትተኙ ብሎ ያስጠነቅቃቸዋል። ሌላው እረኛ ደኅና ሂዱ ይላል። ልክ እዚያ ላይ ተራኪው ይነቃል!

ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ ስፍራ ነው። እንቅልፍን ተጠንቀቁ ተብሎ ሲነገር የተኛው ባነነ። ቀጥሎም ያለ ምንም ማብራሪያ ተመልሶ ይተኛል፤ እነዚያኑ ሁለት መንገደኞች በዚያው መንገድ ሲወርዱ ያገኛቸዋል። ቡንያን እዚያ ድረስ ጽፎ ከእስር ተፈትቶ ይሆናል ብለው የገመቱ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ስፍራውን እንደ ጥበብ ሳየው ቸኩሎበታል እላለሁ፤ ስለ መንቃቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምርልን ምን ነበረበት? በዘፍጥረት 41 ፈርዖን ነቅቶ እንደገና ሲተኛ ሁለተኛው ሕልም ከላም ወደ እሸት ይለወጣል፤ የቡንያን ግን ካቆመበት ይቀጥላል። የሚቀጥለውም ተራኪው በሕልሙ ምንም ለማድረግ ስላልሞከረ ይመስለኛል። አይበርም፤ አያዝም፤ ይመለከታል። መንገደኞቹስ በዚያች ምድር ላይ እንዴት ሳይተኙ አለፉ? ተስፈኛ ጥቂት እንተኛ ሲል ክርስቲያን እንጫወት አለው፤ መንገድህን እንዴት ጀመርህ ብሎ ጠየቀው። ጨዋታው ለብዙ ገጽ ይዘልቃል፤ ብዙ አንባቢ የሚዘልለው ክፍል ነው፤ እናንተም የዘለላችሁት ይመስለኛል። ተመልሳችሁ አንብቡት። እዚያ ላይ አንዱ ጓደኛ ሌላውን በጥያቄ እያነቃው ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ከመሄዴ በፊት ከመካከላችሁ የአንዱን ጥያቄ ላንሣ፤ ማንነቱን እንዳልገልጥ ፈቃዱን አግኝቻለሁ። ይህ ወጣት ሕልም ውስጥ መቆየት የሚፈልገው ለመብረር አይደለም። በሕልሙ የሞተው ታላቅ ወንድሙ ይመጣል፤ አብረው ይቀመጣሉ፤ «ሕልም ነው» ብሎ ሲያውቅ ወንድሙ መደብዘዝ ይጀምራል። «እጅህን አፋትግ» የሚለውን ምክር ሞክሮታል፤ ጥቂት ቆየለት። እኔን የጠየቀኝ ይህን ማድረጌን ልተው ወይ ብሎ ነው። እኛ የምናስተምር ሰዎች እንዲህ ላለው ሰው የሮሜ 13ን ወይም የኤፌሶን 5ን «ንቁ» ቶሎ እናወጣለን። እንቅልፍን በጅምላ መክሰስ ይቀናናል፤ ጌታችን በማዕበሉ መካከል ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ እንደ ነበር (ማርቆስ 4) የሚሰበከው ስንት ጊዜ ነው?

ለዚያ ወጣት ያነበብሁለት የአቤሜሌክን ታሪክ ነው። አቤሜሌክን በኤርምያስ 38 ታውቁታላችሁ፤ ነቢዩን ከጭቃው ጉድጓድ በገመድና በአሮጌ ጨርቅ ያወጣው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ። በምዕራፍ 39 ከተማይቱ ስትጠፋ እርሱ እንደሚድን ተስፋ ተሰጠው። እንዴት ዳነ? መጽሐፍ ቅዱሳችን ዝም ይላል። ይህን ዝምታ የሞላው በግእዝ «ተረፈ ባሮክ» ተብሎ የሚታወቀው ድርሳን ነው። እኛ እንደ ቅዱስ ቃል አናነብበውም፤ እንደ ሥነ ጽሑፍ ግን አለማንበባችን ይቆጨኛል። በአገራችን የብራና ጸሐፊዎች እጅ ለዘመናት ሲገለበጥ የኖረ ታሪክ ነው።

ኤርምያስ አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ ይለምንለታል። እግዚአብሔርም ወደ አግሪጳ እርሻ ላከው፣ እኔ እሰውረዋለሁ ይላል። ነቢዩ ስለ ጥፋቱ ምንም ሳይነግረው ለሕሙማን የሚሆን በለስ አምጣ ብሎ ይልከዋል። አቤሜሌክ በለሱን ለቅሞ ሲመለስ ቀትር ይሆናል፤ ጥቂት ልረፍ ብሎ ከዛፍ ሥር ቅርጫቱን ተንተርሶ ይተኛል። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የወረደ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ከደጋው ብርድ ወጥታችሁ ቆላው ሲቀበላችሁ የዛፍ ጥላ ዓይንን እንዴት እንደሚከድን ታውቃላችሁ። አቤሜሌክ 66 ዓመት ተኛ።

ሲነቃ ራሱ ከብዶታል፤ እንቅልፉን አልጠገበም። ቅርጫቱን ሲገልጥ በለሱ ገና ወተቱን ያንጠባጥባል። ጥቂት ልጨምር ብሎ ያስባል፤ ግን የላከኝ ሰው ቸኩሎ ነው የላከኝ ብሎ ይነሣል። ከተማይቱ ይደርሳል፤ አያውቃትም። መንገድ ስቻለሁ ብሎ ይወጣል፤ ምልክቶቿን ያያል፤ እርስዋው ናት፤ ተመልሶ ይገባል። የሚያውቀው ሰው የለም። በመጨረሻ ከከተማው ውጭ ቁጭ ይላል፤ ይህ የወደቀብኝ ተመስጦ እስኪለቀኝ አልነሣም ይላል። የእናንተ ጥያቄ የተገለበጠው እዚህ ነው። እናንተ ሕልማችሁን ሕልም ነው ትላላችሁ፤ እርሱ ንቃቱን ሕልም ነው አለ። ቤታቸውን ጥለው የመጡ ብዙ ሰዎች በተጠለሉባት በከተማችን፣ ነቅቶ ሳለ «ይህ ሕልም በሆነ» የሚል ሰው ፍለጋ ሩቅ አንሄድም።

ደራሲው ሦስት መልካም ነገር አድርጓል። አንደኛ፣ አቤሜሌክ በ66 ዓመት ውስጥ ምን እንዳለመ አይነግረንም፤ አንድም ሕልም የለም። ያ እንቅልፍ የሚመረመር ዓለም አልሆነም፤ መሸሸጊያ ሆነ፤ የተሰጠውም በምሕረት ነው። እንደ እኔ አስተማሪ የሆነ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ሰነፍ ብሎ ይገሥጸው ነበር። ሁለተኛ፣ አቤሜሌክ እውነቱን ብቻውን አላወቀም። ከእርሻ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ይህች ከተማ ማን ናት ብሎ ይጠይቀዋል። ሽማግሌው ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ ስንት ዘመኑ ሲለው፣ ሽማግሌ ባትሆን እስቅብህ ነበር ብሎ ይመልስለታል። (የእኛን አገር አክብሮት በዚህ ዓረፍተ ነገር የማያይ አለ?) አይዞህ ልነግርህ የምችለው አለ ብሎ የሚያረጋጋ መልአክ አልመጣም፤ እርሻውን ሲያይ የዋለ አዛውንት ነው፤ ሁለቱ እየተከራከሩ በለሱን ያያሉ፤ ጊዜው የበለስ ጊዜ አይደለም፤ በለሱ ግን ትኩስ ነው። ሦስተኛ፣ በለሱ። ተመራማሪዎቹ እጅህን አፋትግ እንዳሉት ሁሉ፣ አቤሜሌክም እጁ ላይ ባለችው ትንሽ ነገር ነው የት እንዳለ ያወቀው። ያ በለስ ግን ለራሱ አልነበረም፤ ለሕሙማን የተላከ ነው። ከዚያም ንስር ከበለሱ ተሸክሞ ባቢሎን ድረስ ይወስድለታል፤ ኤርምያስም ለሕሙማን ይሰጣል። መልእክቱ 66 ዓመት ዘግይቶ ደረሰ።

ወጣቱ ታሪኩን ከሰማ በኋላ የጠየቀኝ ስለ ወንድሙ አልነበረም። «ሽማግሌው ምን ሆነ?» አለኝ። መጽሐፉ ስለ እርሱ ብዙ አይልም። አቤሜሌክ ከቅርጫቱ በለስ አንሥቶ ሰጠው፤ እግዚአብሔር ወደ ላይኛይቱ ኢየሩሳሌም በብርሃኑ ይምራህ ብሎ መረቀው፤ ሽማግሌውም መንገዱን ሄደ።