በካሜራ የተያዘ ትምህርት

ኢ-መደበኛ ትምህርት፣ ማለትም ከመደበኛው የክፍል እርከንና የፈተና ሥርዓት ውጭ ታቅዶ የሚሰጥ ትምህርት፣ ውጤቱ በአብዛኛው በሰርተፍኬት ስለማይገለጽ፣ ወጣቶች ከእርሱ ያገኙትን ለማሳየት ፊልም ከቁጥር ዘገባ የተሻለ አቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ለዕይታ የበቃው፣ የካሮል ዳይሲንገር «በጦር ቀጣና ስኬትቦርድ መማር (ሴት ልጅ ከሆንሽ)» የተሰኘ አጭር ዘጋቢ ፊልም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ በ2020 ያገኘው የኦስካር ሽልማት እንኳ ከፋይዳው ትንሹ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊልሙ የሚከታተለው ስኬቲስታን የተባለው ድርጅት በካቡል ከድሃ ቤተሰብ ለመጡ ልጃገረዶች ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ሲሆን፣ ልጆቹ ስኬትቦርድ፣ ማለትም ባለ አራት ጎማ መንሸራተቻ፣ እየተለማመዱ ጎን ለጎን ማንበብና መጻፍ በመማር ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ለመግባት ይዘጋጃሉ።

የሥራው ትልቁ ብልሃት አለመቸኮሉ ነው። መምህሯ እጅ ማውጣትና ሰሌዳ ፊት መቆም ድፍረት መሆኑን ስታስረዳ፣ እንዲሁም የራስ መከላከያ ያጠለቁ ልጆች በአሰልጣኞች እየተደገፉ በመንሸራተቻው ላይ ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ሲታገሉ፣ ሁለቱ ትምህርቶች በእርግጥ አንድ መሆናቸውን ተመልካቹ ራሱ ይደርስበታል። ታሊባን በነሐሴ 2021 ወደ ሥልጣን ተመልሶ፣ ልጃገረዶች ከ6ኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ይህ ፊልም ከመታሰቢያነት አልፎ የነበረውን ነገር የሚያረጋግጥ የታሪክ ሰነድ ሆኗል።