ውርርድ ያዡን ማን ይመርምረው?

የፈረስ እሽቅድምድምና የውርርድ ክበብ ለማቋቋም ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው፥ አስቀድሞ ጠባዩና የገንዘቡ ምንጭ ይመርመር የሚለው ሥርዓት ባውሮፓና ባሜሪካ የታወቀ ነው። ይህ ሥርዓት ላገራችንም ይበጃል የሚሉ አሉ። እኔም አይበጅም አልልም፤ ነገር ግን ምርመራው የሚጠይቀው ጥያቄ ጎዶሎ ይመስለኛል። ጉድለቱንም በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ከነበረው ከጥንቱ የሙግት ውርርድ ጋር በማስተያየት ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባል። ባገራችን ፈረስና ገንዘብ ያለበት ውርርድ ለየብቻ የኖሩ ናቸው። በጥምቀት ሰሞን የሚደረገው ጉግስ የክብር ጨዋታ ነው፤ ፈረሰኛው የሚያገኘው ስም ነው፥ የሚያጣውም ስም ነው። በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበርም የቆመው የዐድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። ውርርድ ግን ዋና ሥፍራው ችሎት ነበር።

በዛፍ ሥር በተቀመጠ ዳኛ ፊት ሁለት ባላጋሮች ሲሟገቱ፥ አንደኛው ቃሉ እውነት ለመሆኑ ማር፥ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዳል። ባላጋራው ከተቀበለ ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ። የተረታው የተወራረደውን ይከፍላል፤ የሚከፍለው ግን ለረታው ሳይሆን ለዳኛው ነው። የስማዳው ቅድመ አያቴ ባንድ የወሰን ሙግት ተረትቶ ማር ከከፈለ በኋላ፥ «የረታኝ ጎረቤቴ ነው፤ ማሬን የበላው ግን ዳኛው ነው» ይል ነበር እየተባለ በቤታችን እስከ ዛሬ ይወሳል።

ይህ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት። ያን ጊዜ ዳኛው የመንግሥት ደመወዝ ስላልነበረው ከመተዳደሪያው አንዱ ውርርዱ ነበር። እንግዲህ ማንም ቢረታ ለርሱ ያው ነው፤ ውርርዱ ከማር ወደ በቅሎ፥ ከበቅሎ ወደ ፈረስ ቢያድግ ግን ይጠቀማል። ስለዚህ ጨዋና እውነተኛ የሆነ ዳኛ እንኳ፥ ፍርድ ሳያጓድል፥ ተሟጋቾቹ በንዴት ውርርድ ሲያበዙ ዝም ብሎ ለማየት ይፈተናል። ከ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ወዲህ ዳኝነት በመንግሥት ፍርድ ቤት እየተደራጀ፥ ዳኛም ደሞዝተኛ እየሆነ ሲሄድ ልማዱ ከሰመ። ልብ እንበል፤ ነገሩን ያቃናው የዳኛው ጠባይ መመርመሩ ብቻ ሳይሆን የእንጀራው ምንጭ መለወጡ ነው።

ዛሬ በብዙ አገር የእሽቅድምድም ሜዳ የሚሠራበት፥ በፓሪስ ከተማ ጆሴፍ ኦለር የተባለ ሰው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ዘዴም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተወራራጆች ገንዘባቸውን ባንድ ቋት ያገባሉ፤ ክበቡ ድርሻውን ቈርጦ የቀረውን ላሸናፊዎች ያካፍላል። ክበቡ የትኛው ፈረስ ቢቀድም ግድ የለውም፤ ቋቱ እንዲሞላ ግን ይፈልጋል። በራሱ ገንዘብ የሚያወራርደው ነጋዴ ደግሞ የሚያተርፈው ደንበኛው ሲከስር ስለ ሆነ ፈተናው የባሰ ነው።

እንግሊዞች በ1960 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሕግ አወራራጅ ፈቃድ የሚያገኘው ለሥራው የተገባ ሰው ሆኖ ሲገኝ ነበር፤ ማመልከቻውም ለሕዝብ ተነግሮ ተቃዋሚ እንዲሰማ ያዝ ነበር። በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት ደግሞ ፈቃድ ችሮታ እንጂ መብት አይደለም፤ ተገቢነቱን የማስረዳት ሸክም ባመልካቹ ላይ ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን አብዛኛው ጥያቄያቸው «ይህ ሰው ከዚህ በፊት ምን አድርጓል?» የሚል ነው። «ከዛሬ ጀምሮ የሚተዳደረው በምንድር ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ሁለተኛ ቦታ ይዟል።

ባገራችን ይህ ጉድለት ይብሳል። ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት የሚያስረዳው ሰውየው አለመፈረዱን ነው፤ እውነተኛ መሆኑን አያስረዳም። ሕዝባችንም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል፥ ደግሞም «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚል ነው። ሹም ይበላል ብሎ ለሚጠብቅ ሕዝብ ንጹሕ ወረቀት ምን ያረጋግጥለታል?

የጋይንት ሰው በዚህ ፈንታ የሚያውቀው ዋስን ነው። ዋስ ከወረቀት የሚበልጠው ባለዕዳው ቢጠፋ በራሱ ከብት ስለሚጠየቅ ነው። ይሁን እንጂ ዋስነትን ከልክ በላይ ማመስገን አይገባም። ዋስ የሚሆነው ዘመድ ነው፤ ዘመድም ነውር ይሸፍናል። ባለጸጋው ብዙ ዋስ ሲያገኝ ድኻው አንድም ያጣል። ስለዚህ ልማዱን እንዳለ እንመልሰው ማለቴ አይደለም።

ነገሩ የሩቅ አገር ጨዋታ እንዳይመስለን። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ፥ በ1999 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 535 እንደገና ሲቋቋም፥ ፈቃድ የመስጠትና የመቈጣጠር ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ የእግር ኳስ ውርርድ በከተሞች ተስፋፍቷል። ውርርዱ በእጅ ስልክ ስለሚሆንም ከከተማ መራቅ አያድንም። ሰሊጥ አጭዶ ከሑመራ ወይም ከመተማ የተመለሰ የነፋስ መውጫ ወይም የመካነ ኢየሱስ ጎልማሳ፥ የክረምት ቀለቡንና የበሬ መግዣውን ባንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል። የሚያጣውም ሌባ ሰርቆት ሳይሆን፥ በወረቀቱ ንጹሕ በሆነ ሰው ዘንድ ነው።

እንግዲህ የምርመራው ሐሳብ ይጽና፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ይጨመርበት። አንደኛ፥ አመልካቹ በስሙ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለው የገንዘብ ባለቤት ይገለጥ፤ የሚሮጡ ፈረሶች ባለቤትም ውርርድ ያዥ አይሁን። ሁለተኛ፥ የጥንቱ ችሎት በአደባባይ እንደ ነበረ ሁሉ፥ ምርመራውም በአደባባይ ይሁንና የሰፈሩ ሰው ይሰማ። ሦስተኛ፥ የመርማሪው መሥሪያ ቤት ገቢ ከውርርዱ ብዛት ጋር አይያያዝ። ይህ ሦስተኛው ካልተፈጸመ መርማሪውም ማር እንደሚበላው ዳኛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እርሱን ማን ይመረምረዋል?